የመንገዱ ስም

ጠመኔ በጥቁር አፈር ላይ አይጽፍም፤
መረሬ ይሰነጠቃል እንጂ መስመር አይቀበልም።
ይህን ያወቅሁት በታኅሣሥ ነው፣ ከእነዋሪ ወዲያ፣
ስንዴው ታጭዶ ባለቀበት በጅሩ ሜዳ፣
ሜትሬን በብብቴ ይዤ፣ የሪፖርት ቅጹን በኪሴ፣
ሞተሬን ጠርዝ ላይ ትቼ በእግር ስገባ ራሴ።

«ሳጅን፣ መጣህ?» አሉኝ፣ እንደ ለቅሶ ተቀምጠው፣
በጆንያ ክምር ሥር አቧራ ለብሰው።
ኮምባይነሩ ሞተሩ ጠፍቶ ጥርሱን አግጦ፣
አይሱዙው ተሳቢው ጎን በቂጡ ገብቶ፣ ቀለሙ ተላጦ።
ሾፌሩ እንግዳወርቅ መሪውን አቅፎ ተቀምጧል፤
ውረድ ብለው ለምነውት አልወረደም።

ረዳቱ ጥላዬ፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣
መልሱ በእጁ ነበር እንጂ አልወጣም ከአንደበቱ።
መዳፉን ወደ ደረቱ እየሳበ አሳየኝ፦ ና፣ ና፣ ና፣
ትንሽ ና፣ አሁንም ና።
መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ዓይኑ ረዳቱ ነው፣
ጆሮውም ረዳቱ ነው፣ ፍሬኑም ረዳቱ ነው።
«በቃ! ብዬ ነበር» አለኝ ኋላ፣ ድምፁ ሲመለስለት፣
ግን ኮምባይነሩ ያጓራ ነበር በዚያች ቅጽበት።
«በቃ» ትንሽ ቃል ናት፣ አቧራ ትውጣታለች፤
«ና» ግን ቀድማ ደርሳ ሥራዋን ጨርሳለች።

መሐል ላይ ሸዋቀና ነበር፣ ጆንያ አፍ የሚሰፋው፣
ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ፣ ወስፌውን ነክሶ።
ለመጮህ ወስፌውን መጣል ነበረበት፤
ወስፌው ሳይወድቅ እግሩ ተቀጠቀጠበት።
በትራክተር ወሰዱት፣ ስንዴ ላይ አስተኝተው።
ደም የነካውን ጆንያ ለብቻው ለይተው አቁመውታል፤
«ይኼስ ይሸጣል?» አለ አንዱ።
የመለሰለት የለም።

ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፣ ንፋሱ እያነሳው።
«የመንገዱ ስም» ይላል የመጀመሪያው ጥያቄው።
የመንገዱ ዓይነት፦ አስፋልት፣ ጠጠር፣ ኮብል።
«ማሳ» የሚል ሣጥን የለም። «አዝመራ» የሚል የለም።
ሃያ ሁለት ዓመት ጽፌያለሁ፤ ጣርማ በር ላይ፣ በጉም ውስጥ፣
በባትሪ ብርሃን ሰው ስፈልግ፣ ከገደሉ አፋፍ ስንጠለጠል።
እዚያ ኩርባው እንኳ ስም አለው፣
ጥፋተኛው ረድፍ ስቷል፣ ወይ ቅድሚያ ከልክሏል።
እዚህ ግን ረድፍ በሌለበት
ረድፍ የሳተው ማን ተብሎ ይጻፍ?

የኢንሹራንሱ ሰው ደወለልኝ ከደብረ ብርሃን፦
«ሳጅን፣ አደጋው መንገድ ላይ ነው ወይስ ከመንገድ ውጭ?»
«ሰው ላይ ነው» አልኩት።
ዝም አለ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ አላውቅም።

ባለ ማሳዋ እትዬ አልጣሽ ውኃ በጆግ ይዘው መጡ፦
«ልጄ፣ መኪና የሄደበት ሁሉ መንገድ አይደል እንዴ?» አሉኝ።
አልመለስኩላቸውም። ውኃውን ጠጣሁ።
«ከመንገድ ውጭ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም ይቀረዋል።
እግሩን ከጉልበት በታች ቆረጡት፣ በሦስተኛው ቀን፣
ያን ጊዜ ወረቀቴ ፋይል ውስጥ ገብቶ ነበር።

በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ በዚያ ሳልፍ
ሞተሬን አቆምኩ።
ስንዴው ደረት ደርሷል፣ አረንጓዴው ከአድማስ አድማስ፤
መሐሉን ግን ሁለት መስመር ሰንጥቆታል፣
ቀጥ ያለ፣ ቢጫ፣ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ስንዴ።
ታርሷል፣ ተዘርቷል፣ ዝናብ ወርዶበታል፣ እንቢ ብሏል።
ጠመኔዬን ያልያዘው መረሬ ጎማውን ይዞ ከርሟል።

ሸዋቀና ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ከብት ይከለክላል፣
ክራንቹ ጭኑ ላይ ተጋድሞ።
«ያኔ ስሙን ያጣህለት መንገድ» አለኝ፣
«ይኸው፣ በቀለ።»
ሜትሬን አወጣሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤
እየተንፏቀቀ መጥቶ ጫፉን ያዘልኝ።
እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ወደ ኋላ፣ ዓይኔን ከቁጥሩ ሳልነቅል፣
አንድ ሜትር፣ አንድ ከሠላሳ፣ አንድ ከስልሳ፣

«በቃ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።
ቆምኩ።